«እሱ» መቼ «እሳቸው» ሆነ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ አውስትራሊያዊው ሴናተር ስለ ዴቪድ ፖኮክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ማርቆስ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ እጅ አግኝቼ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ጽሑፉ ስላስከፋኝ አይደለም፤ ከራግቢ ጋር ትውውቅ ለሌለው አንባቢ እንዲህ ያለውን ሰው ማስተዋወቃችሁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከ20 ዓመት በላይ በጎጃም ትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር የኖርሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ስፖርተኛ ወደ ሕዝብ ወንበር ሲሸጋገር ምኑን መመርመር እንዳለብን ዘወትር የማስበው ጉዳይ ነውና በጽሑፋችሁ የጎደለ ሆኖ የታየኝን ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በአንዲት ትንሽ ነገር ላይ ነው። የጽሑፋችሁ የመጀመሪያ አጋማሽ ስለ ተጫዋቹ ሲያወራ «እሱ» እያለ ይሄዳል፤ «ተጫወተ»፣ «ተጎዳ»፣ «ተመለሰ» ይላል። ምርጫው ላይ ሲደርስ ግን፣ ከአንዱ አንቀጽ ወደ ቀጣዩ ስንሻገር፣ ያው ሰው «እሳቸው» ይሆናል፤ «ተመረጡ»፣ «ተናገሩ»፣ «ድምፅ ሰጡ» ይላል። ይህ የአራሚ ስሕተት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የቋንቋችን ልማድ ነው፤ ሯጩም ኳስ ተጫዋቹም የሁላችን ልጅ ስለሆነ በፍቅር አንተ እንለዋለን፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ደግሞ አንቱ እንለዋለን። ይሁንና አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ያ «እሳቸው» የመጣው ከወንበሩ ነው ወይስ ከሥራው? በጽሑፋችሁ አካሄድ ከወንበሩ የመጣ ይመስላል። እኔ ግን ሰውየው አንቱ የሚያሰኛቸውን ሥራ የሠሩት ገና «እሱ» በሚባሉበት ዘመን ነው ብዬ አምናለሁ፤ እናንተ ያንን ዘመን በጎልና በጉዳት ታሪክ ሞልታችሁ፣ ዋናውን ነገር በአንድ መስመር አልፋችሁታል። ስለዚህ እኔ በዚህ ደብዳቤ ከልጅነታቸው ጀምሮ «እሳቸው» እላቸዋለሁ።

ፖኮክ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1988 በዚምባብዌ፣ ግዌሩ በተባለች ከተማ ነው። ቤተሰባቸው በእርሻ የሚተዳደር ነበር። በዚያች አገር ከ2000 ጀምሮ የመሬት ጥያቄ በኃይል መልስ ሲሰጠው፣ ነጭ ገበሬዎች ከእርሻቸው ሲወጡ፣ የእሳቸውም ቤተሰብ አገር ለቅቆ በ2002 አውስትራሊያ፣ ብሪስቤን ገባ። የመሬት ነገር እኛ ጎጃሞች በቀላሉ የምናየው አይደለም። በ1960 ዓ.ም. አባቶቻችን በእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ላይ የተነሡት ግብሩ ስለከበዳቸው ብቻ ሳይሆን ከግብሩ ጀርባ ርስታችን ሊነካ ነው ብለው ስለሰጉ ጭምር ነበር። ስለዚህ በቅኝ ግዛት ዘመን ከለም መሬቱ የተገፋው ጥቁር ገበሬ የነበረውን ጥያቄም፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ከተወለደበት ቤት የወጣ ልጅ ልቡ ውስጥ የሚቀረውንም ነገር ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም። እኔ የማከብረው ልጁ ካደጉ በኋላ ያደረጉትን ነው። ቂም ይዘው መቅረት ሲችሉ፣ ገና ተጫዋች ሳሉ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ሆነው በዚምባብዌ ገጠር የሚኖረውን ሕዝብ የሚደግፍ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ የሚመርጣቸው ሰው አልነበረም፤ የዚምባብዌ ገበሬ ለካንቤራ ምክር ቤት ድምፅ አይሰጥም።

ራግቢን ለማያውቀው የጎጃም አንባቢ ጨዋታውን ባጭሩ ልግለጽለት፤ ምክንያቱም የሰውየውን ጠባይ ለመረዳት የተጫወቱበትን ቦታ ማወቅ ይጠቅማል። ራግቢ ዩኒየን በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት፣ 80 ደቂቃ የሚፈጅ፣ እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ግጭቱን ላየው ሰው በገና ሜዳ ላይ ሁለት መንደር ጥንጉን ሲናጠቅ ያለውን ትርምስ ያስታውሳል፤ ልዩነቱ ዱላ አለመኖሩ ነው። ኳሱን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። ወደ ፊት የሚኬደው ተሸክሞ በመሮጥ ወይም በእግር በመምታት ሲሆን፣ ለጓደኛ በእጅ የሚሰጠው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው።

የፖኮክ ቦታ 7 ቁጥር ነበር። የዚህ ተጫዋች ዋና ሙያ እንዲህ ነው፤ ባላጋራ ኳስ እንደያዘ ተጠልፎ ሲወድቅ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ በሁለት እግሩ እንደቆመ ጎንበስ ብሎ ኳሱን ይጨብጣል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ሦስትና አራት ግዙፍ ሰዎች እየተንደረደሩ መጥተው ትከሻውን፣ ጎኑን፣ አንገቱን እየገጩ ሊያስለቅቁት ይታገላሉ። ጉልበቱ መሬት ከነካ ወይም በእጁ መሬት ከተደገፈ ጥፋቱ የእሱ ይሆናል፤ ቆሞ ከጸና ግን የወደቀው ሰው ኳሱን ባለመልቀቁ ይቀጣና ቅጣት ምቱ ለእሱ ወገን ይሰጣል። አንድ ጊዜ ይህን በስልኬ ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳሳያቸው ከፊት የተቀመጠች ልጅ «መምህር፣ ይህ ሰውዬ ለምን አይሮጥም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ጭብጨባው የሚሄደው ለሚሮጠው ነው፤ የ7 ቁጥር ሥራ ግን እየተደበደበ ባለበት መቆም ነው። ፖኮክ በዚህ ሙያ በዘመናቸው ከነበሩት ጥቂት ታላላቆች አንዱ ነበሩ። ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ከ70 ጊዜ በላይ ተሰልፈዋል፣ አምበልም ሆነዋል፣ የአገሪቱ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የጆን ኢልስ ሜዳሊያ በ2010 እና በ2018 ወስደዋል። በ2013 እና በ2014 በተከታታይ የጉልበት ጅማታቸው ተበጥሶ ሁለቱንም የውድድር ዘመን አጥተዋል። ይህን ሁሉ እናንተም ጽፋችኋል፤ አልደግመውም።

እናንተ በአንድ መስመር ያለፋችሁት እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የሆነውን ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜን ምዕራብ፣ ሞልስ ክሪክ በተባለ ቦታ፣ የመንግሥት ደን ተመንጥሮ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሲከፈት የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ። ፖኮክ ከእነዚያ ገበሬዎች ጋር ሆነው ራሳቸውን በግዙፍ የመቆፈሪያ ማሽን ላይ በሰንሰለት አስረው ለሰዓታት ሥራውን አስቆሙ፤ ፖሊስም ያዛቸው። የአገሪቱ የራግቢ ማኅበር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው፤ ፍርድ ቤቱ በማግሥቱ ዓመት ጉዳዩን ያለ ጥፋተኝነት መዝገብ ዘጋው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። በዚያን ጊዜ ሰውየው ጉልበታቸው ለሁለተኛ ጊዜ ተበጥሶ ከሜዳ የራቁ፣ ውላቸውም ዝናቸውም በአሠሪዎቻቸው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ተጫዋች ነበሩ። ከዚያ ድርጊት የሚያገኙት ጥቅም አልነበረም፣ የሚያጡት ግን ብዙ ነበር። ማሽን ማስቆም ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው አከራካሪ ነው፤ እኔም ሕግ መከበር አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ነገር ግን አንድ ሰው የሚያምንበትን ነገር በራሱ ኪሣራ ማድረጉን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ ይህ ደግሞ እንደራሴ ከመሆናቸው 7 ዓመት ተኩል ገደማ አስቀድሞ የሆነ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላም፣ በ2015፣ በጨዋታ መሀል ባላጋራ ተጫዋች አዋራጅ ስድብ ሲሰነዝር ሰምተው ለዳኛው አመለከቱ፤ ተሳዳቢውም ተቀጣ። ብዙ ስፖርተኛ «በሜዳ የተባለ በሜዳ ይቀራል» ይላል። ልጆችን በሜዳ ላይ ያሳደገ ሰው ግን በሜዳ የተባለ ነገር በሜዳ እንደማይቀር ያውቃል።

ወደ ምርጫው ልለፍ። የአውስትራሊያ ሴኔት 76 መቀመጫ ሲኖረው ስድስቱ ክፍለ አገሮች እያንዳንዳቸው 12፣ ዋና ከተማዋ ካንቤራ ያለችበትን ጨምሮ ሁለት ግዛቶች ደግሞ ሁለት ሁለት እንደራሴ ይልካሉ። የካንቤራ ግዛት ሴናተር መላክ ከጀመረበት ከ1975 አንሥቶ ሁለቱን ወንበሮች ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንድ አንድ ሲካፈሏቸው ኖሩ። ፖኮክ በ2022 በግል ተወዳድረው ይህን ልማድ ሰበሩት። በዚያ አገር መራጩ አንድ ስም ላይ ምልክት አድርጎ አይወጣም፤ ዕጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቁጥር ያስቀድማል፣ የሚወድቀው ዕጩ ድምፅ ለተከታዩ ምርጫ ይተላለፋል። ፖኮክ በአንደኛ ምርጫ ድምፅ ወንበሩን ከያዙት ተፎካካሪያቸው ያነሱ ነበሩ፤ ያሸነፉት ሌሎችን ያስቀደመው መራጭ እሳቸውን ሁለተኛና ሦስተኛ ስላደረጋቸው ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ትርጉም አለው። በዝና ብቻ የሚመረጥ ሰው ደጋፊዎቹ አንደኛ ያደርጉታል፤ ሌላውን የሚደግፍ ሰው ግን «የእኔ ካልሆነ እሳቸው ይሁኑ» የሚለው አስቦበት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2025 ዳግመኛ ሲወዳደሩ ደግሞ የማንም ትራፊ ሳያስፈልጋቸው በአንደኛ ምርጫ ድምፅ ብቻ ከሁሉ ቀዳሚ ሆነው አለፉ። በመጀመሪያው ምርጫ ዝናቸው ሳይረዳቸው አልቀረም። በሁለተኛው ግን መራጩ የመዘነው ሦስት ዓመት ሲሠሩ ያየውን ሴናተር ነው።

ምን ሠሩ? በ2022 ገዢው ፓርቲ በሴኔቱ 26፣ ብዙ ጊዜ አብሮት የሚቆመው የአረንጓዴዎች ፓርቲ 12 መቀመጫ ነበራቸው። ተደምሮ 38 ነው፤ ሕግ ለማጽደቅ 39 ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት የአንድ የግል ተወዳዳሪ ድምፅ ሕግ ያሳልፋል ወይም ይጥላል። እንዲህ ያለውን ዕድል ያገኘ ሰው ለወገኑ መንገድ፣ ለዘመዱ ሹመት ሊጠይቅበት እንደሚችል እናውቃለን። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሠራተኞችን የደመወዝ ድርድር የሚመለከት ሕግ ሲቀርብ፣ ፖኮክ ድምፃቸውን ለመስጠት ካቀረቧቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ ለሥራ አጡና ለድኻው የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን በየዓመቱ ከበጀት በፊት የሚመረምርና ምክሩን በይፋ የሚያወጣ የባለሙያዎች ኮሚቴ እንዲቋቋም። ተቋቋመም። መንግሥት የኮሚቴውን ምክር የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን «አላውቅም ነበር» ማለት አይችልም። የ7 ቁጥሩ ተጫዋች በወደቀው ኳስ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲጸና ያየ ሰው የሴናተሩን አሠራር ሲያይ አይገርመውም።

ገና ሲጀምሩም ያደረጉትን ልጨምር። በኦገስት 2022 የመጀመሪያ ንግግራቸውን ሲያደርጉ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ እኩል እንዲከታተሉ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በምክር ቤቱ ወለል ላይ ከጎናቸው እንዲቆም ጠየቁ። ትልልቆቹ ፓርቲዎች አልተስማሙም፤ በምትኩ አስተርጓሚው በስክሪን እንዲታይ ተደረገ። የጠየቁትን ሙሉ በሙሉ አላገኙም፤ ሆኖም ተቀየምሁ ብለው አልተቀመጡም፣ በተፈቀደው መንገድ ንግግራቸውን አደረጉ። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉ። በስፖርት ሰዓት ፊሽካዬን ስነፋ እነሱ የሚያዩት የጓደኞቻቸውን መቆም ነው፤ ለምን እንደቆምን የሚያውቁት ከሌላው ዘግይተው ነው። ስለዚህ ይህን የሴናተሩን ጥያቄ ጥቃቅን ነገር ነው ብዬ ላልፈው አልችልም።

ሌላው እኛን በቀጥታ የሚነካን የቁማር ጉዳይ ነው። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2023 የምክር ቤቱ ኮሚቴ በኢንተርኔት ቁማር ላይ ጥናት አድርጎ 31 የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ፤ ከእነዚህም አንዱ የዚህ ዓይነቱ ቁማር ማስታወቂያ ደረጃ በደረጃ ጨርሶ እንዲቀር የሚል ነው። ፖኮክ ይህ እንዲፈጸም ሳያቋርጡ ከሚወተውቱት አንዱ ናቸው። በ2025 ደግሞ የምክር ቤቱ አባላት ተሰብስበው ስፖርት የሚሠሩበት ማኅበር ከቁማር ድርጅቶች ወኪል ድጋፍ መቀበሉን በግልጽ ስለተቃወሙ ከማኅበሩ ተሰናበቱ። የራግቢ አምበል የነበረ ሰው ከስፖርት ማኅበር መባረሩን ስታነቡ ምን እንደተሰማችሁ አላውቅም፤ በጽሑፋችሁ ግን አላየሁትም።

ለምን ይነካናል ያልሁት ባዶ ቃል እንዳይመስል ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ክፍሉ ለመጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ያዋጣውን ገንዘብ እንዲይዝ ታምኖ የተሰጠው ልጅ፣ ገንዘቡን ይዞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ብዙም የማይርቅ የውርርድ ቤት ገባ። በማግሥቱ ጠርቼ ስጠይቀው አልዋሸኝም። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ትኬት አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ 14 ጨዋታ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ጣቱን ከመጨረሻው በፊት ባለው ላይ አድርጎ «በዚህ በአንድ ጨዋታ ነው የተበላሁት» አለኝ። ያሳዘነኝ ገንዘቡ አልነበረም፤ ገንዘቡን እናቱ ጠላ ሸጠው መለሱት። ያሳዘነኝ ልጁ እኔ ሳስተምረው የኖርሁትን ኳስ የሚያውቀው በዚያ ወረቀት መሆኑ ነው። ማን እንዴት እንደተጫወተ ብጠይቀው አያውቅም፤ ከተደረደሩት ቡድኖች ግማሹን ሲጫወቱ አይቷቸው አያውቅም። እንግዲህ በስፖርት ስም የታወቀ ሰው ምክር ቤት ሲገባ ከሁሉ በፊት ልንጠይቀው የሚገባን ይህን አይደለምን?

ስፖርት በራሱ ጨዋነትን ያወርሳል የሚል ሐሳብ በጽሑፋችሁ መደምደሚያ ላይ አለ። በዚህ አልስማማም፤ የማስተምረውን ትምህርት ጥቅም እየካድሁ ግን አይደለም። ኢዲ አሚንም ራግቢ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1960 የዩጋንዳ የቦክስ ሻምፒዮን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1971 ሥልጣን በመፈንቅለ መንግሥት ከያዘ በኋላ በሕዝቡ ላይ ያደረሰውን አፍሪካ ሁሉ ያውቃል። በሌላ ወገን የላይቤሪያው ጆርጅ ዊሃ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ምርጥ ኳስ ተጫዋች የነበሩት ዊሃ በ2018 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ አስተዳደራቸው በሙስናና በኑሮ ውድነት ብዙ ተወቅሷል። ነገር ግን በኅዳር 2023 በጠባብ ልዩነት ሲሸነፉ የመጨረሻው ውጤት እስኪታወጅ ሳይጠብቁ ለአሸናፊው ለጆሴፍ ቦአካይ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ ያለዎ አሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» ይላል የአገራችን ሰው፤ ዊሃ በሥራቸው የሚነቀፉትን ያህል በዚያች ቀን ጨዋታውን አክብረዋል። አንዱ ስፖርተኛ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ከሆነ ስፖርቱ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ምስክሩ የሰውየው የኋላ ታሪክ ነው።

ዝና ሰውን ያስተዋውቃል እንጂ ዋስ አይሆነውም። በእኛ ልማድ ሰው ዋስ የሚጠራው ከጎረቤቱ፣ ጠባዩን ከሚያውቅ ሰው ነው፤ በሩቅ ያጨበጨበለትን አይጠራም። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረውን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ አባላቱ ፈረስ የሚያሰግሩ ብቻ አልነበሩም፤ በሐዘን የሚደራረሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ናቸው። ግልቢያውን ከማየት የምንደሰተውን ያህል፣ ለእርቅ የሚጠራው ሽማግሌ የትኛው ፈረሰኛ እንደሆነ ሁሉም ለይቶ ያውቀዋል።

በአገራችን ስመ ጥር ስፖርተኞች ወደ ሕዝብ ኃላፊነት ሲመጡ አዲስ ነገር አይደለም። ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ በአንድ ወቅት ፓርላማ የመግባት ሐሳብ እንዳላቸው ተናግረው ነበር፤ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው አልተወዳደሩም። በ2009 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. በራሳቸው ፈቃድ ለቀቁ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ ተኳቸው። ስለ ሁለቱ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በአብዛኛው የሩጫቸው ታሪክ ነው። በኃላፊነት በቆዩበት ጊዜ ምን እንደወሰኑና ለምን እንደወሰኑ በዝርዝር ያነበብሁት ጥቂት ነው። ይህ የእነሱ ጉድለት አይደለም፤ የእኛ የአንባቢዎችና የእናንተ የጸሐፊዎች ነው።

ምናልባት ነገሩን አጥብቀህ ያዝህ ትሉኝ ይሆናል። የያዝሁበት ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት፣ ቀድሞ ባስተማርሁበት ከተማ፣ በኳስ የምናውቀው አንድ ሰው ለምክር ቤት ተወዳደረ። በትከሻችን ተሸክመነው የምናውቅ፣ ልጆች ሁሉ በስሙ የሚጠሩት ተወዳጅ ሰው ነበር። የትምህርት ቤታችን ሜዳ የታችኛው ጥግ ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ ስለሚቋጥር ተማሪዎች በግማሽ ሜዳ ነው የሚጫወቱት። በቅስቀሳው ሰሞን መጣ፣ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውኃው ውስጥ ገብቶ ቦዩ በየት በኩል መቆፈር እንዳለበት በእጁ አሳየን። ልጆቹ ጮኹ፣ እኛም አጨበጨብን፣ ተመረጠ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ሁለት ጊዜ ቢሮው ድረስ ሄጄ ነበር፤ ቀድሞ «አንተ» የምለውን ሰው ጸሐፊዋ ፊት «እሳቸው አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ተዛውሬ እስክወጣ ድረስ ያ ጥግ ውኃ ይቋጥር ነበር፤ የሚያስፈልገው ቦይ ከ40 ሜትር የማይበልጥ ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። ከመመረጡ በፊት ግን ለማን ምን እንዳደረገ፣ ያለ ጭብጨባ የሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ከመካከላችን የጠየቀው አልነበረም። የጎል ቁጥሩን ሁላችንም በቃላችን እናውቅ ነበር።

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ተገዥ መሆናቸው ተጽፏል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ መራጩ በተወካዩ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ተደንግጓል። እነዚህ ሁለት አንቀጾች ሥራ ላይ የሚውሉት መራጩ ተወካዩ ምን እንዳደረገ ሲያውቅ ነው። እኛ ከመዲናዋ የራቅን ሰዎች ይህን የምናውቀው ከእናንተ ነው። በፖኮክ አንዳንድ አቋሞች እኔም ሆንሁ ብዙ የአገሬ ሰው አንስማማም፤ ያንን የሚመዝኑት የመረጧቸው ናቸው። የማደንቀው የካንቤራ መራጭ ሰውየው በየጉዳዩ እንዴት ድምፅ እንደሰጡ፣ ለድምፃቸው ምን እንደጠየቁ፣ ምን እንዳገኙና ምን እንዳላገኙ ሊያውቅ መቻሉን ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ስፖርተኛም ይሁን ነጋዴ፣ ዘፋኝም ይሁን መምህር፣ ለሕዝብ ወንበር የሚቀርብ ሰው ማንነት ስትጽፉ ሦስት ነገር አትዝለሉብን። ወንበሩን ከማሰቡ በፊት በራሱ ኪሣራ ያደረገው ነገር ካለ ጻፉልን። ወንበር ላይ ከነበረ በድምፁ ምን እንዳስገኘ በስምና በቀን ጻፉልን። የተሸነፈበት ወይም የተሳሳተበት ቀን ካለ ያን ዕለት እንዴት እንደሆነ ጻፉልን። ሜዳሊያው በግርጌ ቢሆን አይከፋንም።

ጽሑፋችሁን በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከጎኑም ባዶ ወረቀት አኑሬ ተማሪዎች ለመወዳደር የሚመጣን ሰው መጠየቅ የሚፈልጉትን እንዲጽፉ አድርጌያለሁ። በስምንት ቀን ውስጥ 23 ጥያቄ ተጽፏል። አራቱ ስለ ውርርድ ቤቶች ናቸው፣ አንዱ መስማት ከተሳናት ተማሪ የመጣ ነው። በጋዜጣችሁ ቦታ የምትሰጧቸው ከሆነ ጥያቄዎቹን በንጹሕ ገልብጬ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ከደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም